ከአልጋው በፊት ሚዛኑ፦ የውድድር መኪና የሚጎትት ሞተርሆም እንዴት ይመረጣል?

የእህቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ከተማ ነው። ደሴ ተወልዶ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ያደገ ልጅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ይሰነብትና ቅዳሜና እሁድ ትንሿን ማዝዳ ሚያታውን ይዞ ወደ መኪና ውድድር ሜዳ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት ደወለልኝና «ጋሼ፣ ሞተርሆም ልገዛ ነው፤ መኪናዬን ከኋላው አስሬ የምሄድበት» አለኝ። ወዲያው የሦስት ሞተርሆም ፎቶግራፎች ላከልኝ። አየኋቸው። አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው፣ የቆዳ ወንበሩ ሁሉ አለ። ከሹፌሩ በር አጠገብ የሚለጠፈውን የክብደት ጽሑፍ ወይም ከኋላ ያለውን መጎተቻ የሚያሳይ ግን አንድም ፎቶግራፍ አልነበረበትም።

እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል የጭነት መኪና ስነዳ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ በአሰብ መስመር፣ ከ1990 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በጅቡቲ። እሱ የሚገዛው ቤት ይሁን እንጂ መንገድ ላይ ሲወጣ ያው የጭነት መኪና ነው። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት በስልክ እየተጠያየቅን አንድ ወር ያህል ሂሳብ ስንሠራ ቆየን። ያንን ሂሳብ እዚህ ያሰፈርኩት ከእኛም መካከል ፒክአፕ የሚጭን፣ ተሳቢ የሚቀጥል፣ ውጭ አገር ያለ ልጁ እንዲህ ያለ ነገር ሊገዛ ሲል ምክር የሚጠየቅ ብዙ ሰው ስላለ ነው።

ሞተርሆም ማለት አልጋ፣ ማእድ ቤት፣ መጸዳጃ ቤትና የውሃ ታንከር ያለው፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ ቤት ነው። አሜሪካኖች በፊደል ይለዩታል። «ቢ» የሚሉት ሚኒባስ የሚያህለውን ትንሹን ነው። «ሲ» የፊቱ ጋቢና እንዳለ ሆኖ ከኋላው ቤት የተሠራበት፣ ከጋቢናው በላይም አልጋ የተዘረጋለት ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት በፎርድ ኢ-450 ሻሲ ላይ ነው። «ኤ» የሚባለው አውቶቡስ የሚመስለው ነው፤ ሞተሩ ከፊት ሆኖ በቤንዚን የሚሠራ አለ፣ ከኋላ ሆኖ በናፍጣ የሚሠራም አለ። ከነዚህ ሌላ በእውነተኛ የከባድ መኪና ሻሲ ላይ የተሠሩ «ሱፐር ሲ» የሚሏቸው አሉ። ጉልበታቸውም ዋጋቸውም ከሌሎቹ ይለያል።

ለመኪና ተወዳዳሪ እንዲህ ያለ ቤት ቅንጦት አይደለም። ሜዳዎቹ ከከተማ ርቀው የተሠሩ ናቸው። ልጁ የሚሄድበት ሃይ ፕሌንስ ሬስዌይ ከዴንቨር በስተምሥራቅ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ መካከል የተዘረጋ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥምዝምዝ መንገድ ነው። መኪናው ማለዳ ይመረመራል፣ ሹፌሮች ተሰብስበው የቀኑን ሕግ ይሰማሉ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በየተራ ይነዳል፤ በየመሃሉ ጎማ መቀየር፣ ፍሬን ማየት፣ ነዳጅ መሙላት አለ። እዚያው አድሮ የሚነሳ ሰው ሥራው ይቀልለታል። በበኩሌ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ሌላው ጥቅሙ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲወዳደር ውሎ የደከመ ሰው በዚያው ሌሊት ተሳቢ እየጎተተ ወደ ቤቱ አይመለስም። በእንቅልፍ የሞቱ ሹፌሮችን የቀበርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን አልጋ አልቃወምም።

የተቃወምኩት አመራረጡን ነው።

አራቱ ቁጥሮች

አንድን ሞተርሆም ለመግዛት ያሰበ ሰው አራት ቁጥሮች ሳይዝ ዋጋ መጠየቅ የለበትም። አንደኛው፣ መኪናው ከነጭነቱና ከነሰዎቹ ሊደርስ የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት ነው። ሁለተኛው የጥምር ክብደት ነው፤ መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ ሲመዘኑ ከዚያ ማለፍ የለባቸውም። ሦስተኛው መጎተቻው ራሱ የሚችለው ነው። አራተኛው እያንዳንዱ አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት፣ ለብቻው የሚሸከመው ነው። ሻጭ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው አንዱን ብቻ፣ ያውም ትልቁን ነው። የሚያዝዘው ግን ከአራቱ ቀድሞ የሚያልቀው ነው።

በቁጥር ላሳይ። በኢ-450 ሻሲ ላይ የተሠራ ቤት የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት 6,577 ኪሎ ነው፤ የጥምር ክብደቱ 9,979 ኪሎ ነው። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ስንቀንስ 3,402 ኪሎ ይተርፋል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ተጭኖም ቢሆን ይህን ያህል ይጎትታል ማለት ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን በብዙዎቹ ቤቶች ላይ የተገጠመው መጎተቻ የሚችለው 2,268 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር 2,268 ነው፤ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢያጓራ አይለወጥም።

አሁን የልጁን ጭነት እንመልከት። ሚያታዋ ለውድድር፣ ብትገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቅ የብረት አጥር ገብቶላት 1,050 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። የተመኘው ተሳቢ ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ ሲዘጋ ጋራዥ የሚሆን ነው፤ እንዲህ ያለው ባዶውን 1,600 ኪሎ ይደርሳል። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ መፍቻ፣ ነዳጅ ሲጨመር ከ2,800 ኪሎ አያንስም። መጎተቻው አይችለውም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክፍት ተሳቢ ከሆነ ግን ተሳቢው 800፣ መኪናዋ 1,050፣ ዕቃው 200፣ በድምሩ 2,050 ኪሎ ይሆናል። ይህ ያልፋል። ምርጫው እንግዲህ ዝናብ የማይገባበት ጋራዥ ነው ወይስ መጎተት የሚቻል ተሳቢ ነው የሚል ሆነ። ክፍቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ነፋስ የሚገፋው ግድግዳ ስለሌለው በሜዳው አገር ነዳጅ ይቆጥባል።

ልጁ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ትልቁን ልግዛ» አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ቤት ማለት ብዙ የሚጎትት ቤት ማለት አይደለም። ከላከልኝ ፎቶግራፎች አንዱ ዎርክሆርስ ደብልዩ 22 በሚባል ሻሲ ላይ የተሠራ፣ ሞተሩ ከፊት የሆነ፣ በቤንዚን የሚሠራ ባለ «ኤ» ቤት ነበር። ውብ ነው፤ ሳሎኑ እንግዳ ያስተናግዳል። ጠቅላላ ክብደቱ 9,979 ኪሎ፣ የጥምር ክብደቱ 11,793 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 1,814 ኪሎ ብቻ ነው! ቤቱ ራሱ አብዛኛውን አቅም በልቶታል። ከትንሹ ያነሰ ይጎትታል ማለት ነው። በዚያ ላይ ያችን 2,050 ኪሎ ለመጎተት ከቤቱ ጭነት 236 ኪሎ ያህል ማውረድ ሊኖርበት ነው።

ግድግዳና ጣሪያ ያለው ተሳቢ ካልሆነ አልፈልግም የሚል ሰው ያለው መንገድ የታወቀ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ የሆነ የናፍጣ ቤት፣ ብዙዎቹ መጎተቻቸው 4,536 ኪሎ የሚችል፣ ወይም በከባድ መኪና ሻሲ ላይ የተሠራው ሱፐር ሲ። ዋጋው ግን በዚያው ልክ ነው። ጋራዡ በቤቱ ውስጥ የሆነለት ሞተርሆምም አለ፤ የተሠራው ለሞተርሳይክልና ለትንንሽ የሜዳ ተሽከርካሪ ነው እንጂ ለመኪና አይደለም። ጋራዡ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜትር ነው፤ ሚያታ ደግሞ ወደ 4 ሜትር ትጠጋለች። በሩን መዝጋት አይቻልም።

ያለተሳቢ፣ መኪናዋን በአራት ጎማዋ ከኋላ አስሮ መጎተትም ይቻላል የሚሉ አሉ። ለመደበኛ መኪና እውነት ነው። የውድድር መኪና ግን አንዳንድ ጊዜ ከሜዳ የምትወጣው ጎማዋ ተጣምሞ ነው። የተጣመመ ጎማ አይጎተትም፤ ተሳቢ ላይ በዊንች ይወጣል። ስለዚህ ልጁን ያንን ሐሳብ ወዲያውኑ አስተውኩት።

ከኋላ አክስል በኋላ ያለው ጭራ

በቅሎ የጫነ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ሸክሙ ወደ ኋላ የሸሸ እንደሆነ በቅሎዋ ዳገት ላይ ፊቷ ይቀልላል፣ እግሯን መትከል ያቅታታል። ሞተርሆምም እንደዚያው ነው። የ«ሲ» ቤቶች ረጅም ናቸው፤ ከኋላ ጎማ በኋላ የሚተርፈው ጭራ ሦስት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። መጎተቻው የሚገጠመው ደግሞ በዚያ ጭራ ጫፍ ላይ ነው።

በፊትና በኋላ አክስል መካከል 5.6 ሜትር ያለው፣ መጎተቻው ከኋላ አክስል 3.2 ሜትር የራቀ ቤት እንውሰድ። ተሳቢው በመጎተቻው ላይ 300 ኪሎ ቢጥልበት፣ ጭራው እንደ ማንሻ ብረት ሆኖ ከፊት አክስል ላይ 171 ኪሎ ያነሳል። ያ የተነሳው ክብደት አይጠፋም፤ ኋላ ላይ ይደመራል። ሰውየው 300 ኪሎ ጫንኩ ሲል የኋላው ጎማ 471 ኪሎ ተጨምሮበታል። የፊቱ ጎማ ደግሞ መሪ የሚይዝበት ክብደት ቀንሶበታል፤ በዝናብ መታጠፊያ ላይ ሹፌሩ መሪው እንደ ባዶ ሲሆንበት ምክንያቱ ይህ ነው።

«እንግዲያው ተሳቢው በመጎተቻው ላይ ምንም ባይጥል አይሻልም?» አለኝ ልጁ። አይሻልም። ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ጀምሮ ፍጥነቱ ከጨመረ ቤቱን ራሱን ይዞ ነው የሚያወዛውዘው። መኪናዋ ተሳቢው ላይ ወደፊት ወይም ወደ ኋላ በአንድ ክንድ ስትገፋ ይህ ቁጥር ይለወጣል፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቦታ ከተገኘ በኋላ ወለሉ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

መጎተቻው ላይ ያረፈው ክብደት ከቤቱ የመጫን አቅም ላይም ይቀነሳል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቤቱ ውስጥ የተለጠፈው ጽሑፍ ሰውና ዕቃ በድምሩ ከ700 ኪሎ አይበልጥ ይላል እንበል። ሁለት ሰው 160፣ የሞላ የውሃ ታንከር 150፣ ምግብና አልባሳት 100፣ መጎተቻው ላይ ያረፈው 220። በድምሩ 630 ኪሎ። ገና የልጆች ብስክሌት፣ የጥላ ድንኳን፣ ጄኔሬተሩ ያልያዘው ትርፍ ነዳጅ አልገባም። ውሃ በተለይ ያታልላል፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ቧንቧ ስንከፍት ግን አይታወሰንም።

ቁልቁለቱ

ስለ ሞተር ጉልበት ብዙ ይወራል። እኔ የምፈራው ግን መውረዱን ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት የማያውቅ ወሎዬ የለም። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል።

ወጣት ሳለሁ ከደላንታ ምስር ጭኜ በዚያ ቁልቁለት ስወርድ፣ መኪናው በሊብሬው የተፈቀደለት 35 ኩንታል ሆኖ ሳለ 45 ጭኜ ነበር። ማርሹን ቀላል ላይ ትቼ በፍሬን ብቻ እወርድ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። ረዳቴ «ጋሼ ፍሬኑ ሸተተ» ሲለኝ ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ጠንክሮ ነበር፣ መኪናው ግን አይያዝም። ሁለተኛ ስረግጥ እንደ ሊጥ ለስልሶ እስከ ወለሉ ወረደ። ማርሹን በግድ ወደ ከባድ አወረድኩት፤ ሞተሩ ጮኸ፣ ወደ ተራራው ጠጋ ብዬ ጎማውን ቦዩ ውስጥ ከተትኩት። ቆመ። ረዳቴ ታኮ ይዞ ዘለለ። የኋላ ቸርኬው አጠገብ ውሃ ብናፈስ ጭስ ሆኖ ተነሳ።

ያን ቀን የሆነውን በኋላ ነው የተረዳሁት። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተከታትለው መጥተውብኝ ነበር። መጀመሪያ ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልያዝ ያለው ሸራው ከመጠን በላይ ስለጋለ ነው፤ የጋለ ሸራ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ፔዳሉ የለሰለሰው የፍሬን ዘይቱ ስለፈላ ነው። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ከቆየና እርጥበት ከያዘ መስፈርቱ ራሱ የሚጠብቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። የኔ መኪና ዘይት ስንት ዓመት እንደቆየ ለማስታወስ እንኳ አልቻልኩም ነበር።

ያ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ? ከከፍታው። መኪናው ከነጭነቱ 7,500 ኪሎ ነበር። ይህን ክብደት 600 ሜትር ማውረድ፣ ኃይሉ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ግማሹን ሞተሩና ነፋሱ ቢይዙት እንኳ ቀሪው የሚገባው አራት ትንንሽ ታምቡሮች ውስጥ ነው። ሞተሩ ማርሽ ላይ ከሆነ ግን ብዙውን እሱ ይወስድልናል፤ ሹፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት ይህን ነው።

ልጁ ዴንቨር ነው ስላችሁ በአጋጣሚ አይደለም ያነሳሁት። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የአይዘንሃወር ዋሻ የሚባል አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,400 ሜትር ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት። ልዩነቱ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ ወጥታችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት እስክትደርሱ የምትወርዱትን ያህል ማለት ነው። 9,000 ኪሎ የሚመዝን ቤትና ተሳቢ ያንን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ሙቀት ሁለት በርሜል ተኩል ያህል ውሃ ያፈላል። በዚያ ጎዳና ዳር ፍሬን የከዳው ከባድ መኪና እንዲገባበት ጠጠር የተሞላ መውጫ ተሠርቷል። ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ፍሬን ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ይኑረው፤ በሁሉም ጎማው። በአሜሪካ የተለመደው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው፤ ሹፌሩ አጠገብ መቆጣጠሪያ ይገጠማል፣ ተሳቢው ከተገነጠለ ደግሞ በራሱ ባትሪ ፍሬኑን የሚይዝ ገመድ አለው። ያ ገመድ ባትሪው የሞተ እንደሆነ ከንቱ ነው፤ ከመነሳት በፊት መሞከር አለበት። የናፍጣ ቤት የሚገዛ ሰው ፍሬን ሞተር፣ ማለትም ሞተሩ ራሱ መኪናውን የሚይዝበት መሣሪያ፣ ያለውን ይምረጥ። ያንን ካገኘ ከሌላ ጌጥ ሁሉ ይበልጥበታል፤ ዳገት ቁልቁለት ባለበት አገር ለሚኖር ሰው ናፍጣ ያሸንፋል የምለው በዋነኛነት ለመውጣቱ ሳይሆን ለመውረዱ ነው።

መውጣቱም ቢሆን የራሱ ሂሳብ አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ደሴ ላይ ከሩብ ጉልበቱ ጋር ተሰነባብቷል። ዋሻው ላይ ደግሞ ሲሶው የለም። ፎርድ ለቤንዚን ሞተሮቹ በየ305 ሜትር ከፍታ የጥምር ክብደቱን 2 በመቶ ቀንሱ ይላል። ለዋሻው ሲሰላ ወደ 22 በመቶ ይመጣል፤ 9,979 የነበረው ወደ 7,800 ኪሎ ይወርዳል ማለት ነው። ልጁ ይህን ቁጥር እንዲይዝልኝ አደራ አልኩት፤ ከታች ይመለሳል።

አሮጌ ሲገዙ

አሮጌ ሞተርሆም ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ መገኘቱ ሰውን ያስደስታል። እኔን ያሳስበኛል። ብዙ የቆመ መኪና ጎማው በእድሜ ይደርቃል፤ ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ጎኑ ግን በቀጭን ስንጥቅ ተሞልቷል። በፈረንጆች ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለው፤ 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሰባት ዓመት ያለፈው ጎማ ከሆነ የስድስት ጎማ ዋጋ ከሚከፈለው ላይ ተቀንሶ መደራደር ይገባል። እዚህ ኮምቦልቻም ጎማ የሚገዛ ሰው ይህንን አራት አኃዝ አጎንብሶ ያንብብ።

ሌላው ጣሪያው ነው። ውሃ የገባበት ቤት ሽታው ይናገራል። ጥግ ጥጉን ወለሉን በእግር ጫን ጫን ማድረግ፣ ግድግዳውን በመዳፍ ዳሰስ ማድረግ፤ የላላ ወይም ያበጠ ካለ ውስጡ እንጨቱ በስብሷል። ሞተር ይጠገናል፤ የበሰበሰ ግድግዳ ግን ቤቱን ማፍረስ ይጠይቃል። ጄኔሬተሩን ሰዓት ሙሉ ጭነት ሰጥቶ ማስነሳት እንጂ አንድ ደቂቃ አስጩሆ ማጥፋት አይበቃም።

ኢንሹራንስ ላይ ብዙ አልልም፤ ቤቱ፣ ተሳቢውና የውድድር መኪናዋ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ሜዳ ላይ የሚደርስ ጉዳት ደግሞ በመደበኛው ውል ብዙውን ጊዜ እንደማይሸፈን አውቆ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ነው።

ሚዛኑ ላይ

ልጁ በመጨረሻ በኢ-450 ላይ የተሠራውን ቤትና ክፍት ተሳቢ ገዛ። ለመጀመሪያ ጉዞው ሁሉን ጭኖ፣ ውሃውን ሞልቶ፣ ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ መጀመሪያ ወደ ሚዛን ሂድ አልኩት። እኛ ዘንድ የሚዛን ጣቢያ ሲታይ ቅጣት ነው የሚታሰበን። እዚያ ግን ከባድ መኪኖች በሚያርፉበት ነዳጅ ማደያ፣ ማንም ከፍሎ የሚመዘንበት ሚዛን አለ፤ የፊቱን አክስል፣ የኋላውን አክስልና ተሳቢውን ለየብቻ መዝኖ ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱን ፎቶግራፍ አንስቶ ላከልኝ። እዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ እህቴ ቡናውን ቶና አድርሳ፣ እኔ መነጽሬን ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የፊት አክስል 1,980። የኋላ አክስል 4,470። የተሳቢው ጎማዎች 1,830። ድምር 8,280 ኪሎ። ቤቱ ብቻውን 6,450 ስለሆነ ከ6,577 በታች ነው። ድምሩም ከ9,979 በታች ነው፤ ለዴንቨር ከፍታ ተቀንሶ ወደ 9,000 ቢወርድም ያልፋል። «ጋሼ፣ ሁሉም ልክ ነው» አለኝ። አራተኛውን ቁጥር ረስቶ ነበር። የኋላ አክስሉ የሚችለው 4,355 ኪሎ ነው። በ115 ኪሎ አልፏል።

«መኪናዋን ተሳቢው ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልግፋት፤ መጎተቻው ይቀልለታል» አለ። ይቀልለታል፣ ግን መጎተቻው ላይ ያለው 220 ኪሎ ከ2,050 ሲሰላ 10.7 በመቶ ነው። ጥቂት ቢቀንስ ተሳቢው መወዝወዝ ይጀምራል። አይሆንም አልኩት። ከዚያ የውሃው ታንከር የት እንዳለ ጠየቅኩት። ከኋለኛው አልጋ ሥር ነው። 150 ሊትር፣ የኋላ አክስሉ ላይ ከነሸክሙ የተቀመጠ።

«ሜዳው ላይ ውሃ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ለሻይ የሚሆን አስር ሊትር አስቀርና ድፋው። አብሽር፣ ሌላ ምንም አትንካ።»

እዚያው ማደያ ውስጥ ተጠምዝዞ ሲመዘን የኋላው 4,325 ሆነ። የ30 ኪሎ ትርፍ አገኘ ማለት ነው፤ ከመጠን አያኩራራም ግን ሕጋዊ ነው። ድምሩ 8,140 ኪሎ ሆነ። ያ ደግሞ ለዋሻው ከተሰላው 7,800 ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ ከዋሻው ማዶ ዩታ ግዛት ያለውን የውድድር ሜዳ በዚህ ዓመት እንዲተወው፣ ወይም መኪናዋን ባልንጀራው በፒክአፕ ጎትቶለት እሱ ቤቱን ብቻ ይዞ እንዲሻገር ተስማማን። ያን ቅዳሜ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሜዳው ሄደ። ሲደርስ ቧንቧው አጠገብ ቆሞ ታንከሩን ሲሞላ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ላከልኝ።